ለመኪናዬ የፊት መስታወት የገዛኋቸው ዕቃዎች፦ የረባኝና ያልረባኝ

ቀን ላይ ስታዩት መስታወቱ ንጹህ ነበር። ጠዋት አጥቤዋለሁ፣ ወልውዬዋለሁ፣ ምንም አይወጣለትም። አመሻሽ ላይ መንገዱ ሲታጠፍ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት መጣችብኝና መስታወቱ ባንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። ወተት የተቀባ ነበር የሚመስለው። ጨርቁ ክብ ክብ እየሠራ ያለፈበት መስመር፣ የጣት አሻራ፣ አንድ ቀን ጭጋጉን በመዳፌ የጠረግሁበት ቦታ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። መንገዱ ግን አልታየም። ፍሬን ያዝኩ። አንገቴን ወደ ጎን ዘንበል አድርጌ ሳይ ከፊቴ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ አለ፣ የቀረኝ ሁለት መኪና የሚያቆም ርቀት ቢሆን ነው። ልጁ ዞር ብሎም አላየኝም፣ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን ዳር ይዤ ቆምኩና እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ገደማ ሆኖኛል፣ ለዚህ መስታወት ያልገዛሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚረጭ ማጽጃ፣ የተለያየ ጨርቅ፣ እጀታ ያለው የውስጥ መወልወያ፣ ክሌይ፣ የመስታወት ፖሊሽ፣ ሁለት ጥንድ ዋይፐር፣ ዝናብ የሚያንሸራትት ፈሳሽ፣ ጭጋግ የሚከላከል ስፕሬይ። አንዳንዱ ገንዘቡ አይቆጭም። አንዳንዱ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ውጭ ምንም የለውም። ሁሉንም እነግራችኋለሁ፣ ግን ጨርቁና ዋይፐሩ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ፈሳሽ ገዝቼ ገዝቼ በመጨረሻ የገባኝ ነገር ጉዳዩ ያለው እነሱ ጋ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ያ ነጭ ነገር ምንድነው? እኔ ቆሻሻው ከውጭ መስሎኝ ውጭውን ደጋግሜ አጠብኩት፣ ለውጥ የለም። ከዚያ በውስጥ በኩል ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳስኬደው ያለፈበት ቦታ መስመር ሆኖ ቀረ። ቅባት ነው። ዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚገባበት ኬሚካል መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም በሙቀቱ ቀስ በቀስ ይተንና ሄዶ መስታወቱ ላይ ያርፋል። የአዲስ መኪና ሽታ የምንለውም በከፊል ይኸው ነው። በዚህ ላይ ትንፋሽ አለ፣ የእጅ ወዝ አለ፣ የሚያጨስ ሰው ካለ ጭሱ አለ። ዳሽቦርዱን የሚያብረቀርቅ ቅባት የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ መስታወቱን በገዛ እጃችሁ እየቀባችሁት ነው። እኔም እቀባ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃዋል።

ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ ቀን ቀን አይታይም። ብርሃን ፊት ለፊት ወይም በአግድም ሲመታው ግን እያንዳንዷ የቅባት ነጥብ ብርሃኑን ትበትነዋለች፣ ዓይናችሁም ከመንገዱ ይልቅ የተበተነውን ብርሃን ያያል። ለዚህ ነገር ዝቅ ያለች ፀሐይና ማታ ከፊት የሚመጣ ረጅም መብራት አንድ ናቸው። ስለዚህ መስታወታችሁ ንጹህ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ማታ ፈትሹት። መኪናው ቆሞ የስልካችሁን መብራት ወደ መስታወቱ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩበት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ያየሁትን አይቼ እስከዛሬ እንዴት ማታ ማታ ስነዳ እንደኖርኩ ገረመኝ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ።

መጀመሪያ የገዛሁት ለቤት መስኮት የሚሆነውን ሰማያዊ ስፕሬይ ነው፣ አሞኒያ ያለበትን። ያጸዳል፣ አልዋሽም። ግን መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ስትረጩት ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ከዚያ የባሰው ደግሞ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር ፊልም ያበላሻል። መኪናችሁ ቲንትድ ከሆነ አሞኒያ ያለበትን ነገር አታስጠጉት፣ ፊልሙ ቀለሙ ይለወጣል፣ ጠርዝ ጠርዙንም ይላቀቃል።

ሁለተኛው የከፋኝ ነው። መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው «ይሄ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ነው፣ አንዴ ከተቀባ ወር ሙሉ ጨርቅ አያስነካህም» አለኝ። ጠርሙሱ ያምራል። ቀባሁት፣ ወለወልኩት፣ ቀን ላይ አብረቀረቀ። ማታ ወጣሁና ከፊት የሚመጣው መብራት ሁሉ ዙሪያው ላይ የቀስተ ደመና ቀለበት ሠራ። ለማጽጃ የገዛሁት ነገር ራሱ ሌላ ሽፋን ጥሎ ነው የሄደው። ማጽጃም ማብረቂያም ነው የተባለ ፈሳሽ ለፊት መስታወት አትግዙ። ለበርና ለኮፈን ማብረቅረቁ ጥሩ ነው፣ ለምታዩበት መስታወት ግን የሚያስፈልገው ምንም ነገር ሳይቀርበት መድረቁ ነው። መልሼ ወስጄለት ነበር፣ ስለተከፈተ አልቀበልም አለኝ።

ሦስተኛው ራሴ የበጠበጥኩት ነው። አይሶፕሮፒል አልኮልና ዲስቲልድ ውሃ፣ እኩል በእኩል። አልኮሉ ቅባቱን ይፈታዋል፣ ቶሎም ይተናል፣ ዲስቲልድ ውሃው ደግሞ ማዕድን ስለሌለው ሲደርቅ ነጥብ አይተውም። የመስታወቱን መሃል በወረቀት ፕላስተር ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል ይህንን፣ በሌላው በኩል አሞኒያ የሌለበትን የመኪና ማጽጃ ሞከርኩ። ጨርቁ አንድ ዓይነት ንጹህ ጨርቅ ነው። ማታ በስልክ መብራት ሳየው ወፍራም ቅባት የነበረበት የታችኛው ጥግ ላይ አልኮሉ ትንሽ በልጧል፣ በቀረው ቦታ ልዩነት አላየሁም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አሞኒያ የሌለበት የትኛውም ተራ ማጽጃ ይበቃችኋል። አልኮሉን የምትመርጡ ከሆነ በሮቹን ከፍታችሁ ሥሩ፣ እሳት አጠገቡ አይኑር፣ ፈሳሹንም ጨርቁ ላይ እንጂ ቀጥታ መስታወቱ ላይ አትርጩ። ወደ ዳሽቦርዱና ወደ ስክሪኑ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ሙከራውን ገለበጥኩት። ፈሳሹን አንድ አድርጌ ጨርቁን ለያየሁት። ልዩነቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው! አሮጌ ቲሸርት፣ ክሩ የሚነቀል ፎጣ፣ የወረቀት መሐረብ፣ ማይክሮፋይበር። ቲሸርቱ ቅባቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው እንጂ አላነሳውም። ፎጣው ብናኝ ጣለ። ወረቀቱ ረጥቦ ተበጣጠሰ። ማይክሮፋይበሩ ብቻ ነው ጠራርጎ የወሰደው። ጨርቁ ከፖሊስተርና ከፖሊያማይድ የሚሠራ ነው፣ ክሮቹ ተሰንጥቀው በጣም ስለሚቀጥኑ ቅባቱንና አቧራውን በመካከላቸው ይይዙታል። ለመስታወት ፀጉራም የሆነውን ወፍራሙን አይደለም የምትገዙት። አጭር ክር ያለውን፣ ወይም እንደ ወንፊት አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ የተሸመነውን ነው። ወፍራሙ ለቀለም ይሁን።

አንድ ጨርቅ ግን አይበቃም። አንዱ በትንሹ የረጠበ ቅባቱን ያነሳል፣ ሌላው ደረቅ ሆኖ ወዲያው ይከተላል። ጨርቁን ሁለቴ እጠፉት፣ ስምንት ገጽ ይወጣዋል። አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ወደ ቀጣዩ ገልብጡ። እኔ ውስጡን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ስሠራው ስምንቱም ገጽ ግራጫ ሆኖ አለቀ፣ ሌላ ጨርቅ አወጣሁ፣ እሱም አራተኛው ገጽ ላይ ደርሶ ነው ንጹህ መውጣት የጀመረው። የብዙ ዓመት ቅባት በአንድ ዙር አይወጣም። ብዙ ሰው አንዴ ወልውሎ መስመር ሲያይ ማጽጃው አይረባም ይላል፣ ያ መስመር ግን ገና ያልተነሳው ቅባት ነው።

አቅጣጫውንም ልንገራችሁ። ውስጡን ከላይ ወደ ታች፣ ውጭውን ከግራ ወደ ቀኝ ወልውሉ። በኋላ መስመር ከቀረ ቁም ከሆነ ውስጥ ነው፣ አግድም ከሆነ ውጭ ነው፣ ሁለቱንም ደግማችሁ ከመሥራት ትድናላችሁ። ፀሐይ ላይ ደግሞ አትሥሩ። መስታወቱ ሲግል ፈሳሹ ሳትወለውሉት ይደርቃል፣ የደረቀው መስመር ይሆናል።

ጨርቁን ስታጥቡ ማለስለሻ አትጨምሩበት፣ ማለስለሻው ክሮቹን ይሸፍናቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ጨርቁ ቅባት የሚያነሳ ሳይሆን ቅባት የሚቀባ ይሆናል። ከጥጥ ፎጣ ጋርም አብራችሁ አትጠቡት፣ ብናኙን ሁሉ ይሰበስባል። ብዙ ሙቀትም አይወድም። እኔ ለመስታወት የለየኋቸውን ጨርቆች ክዳን ባለው ላስቲክ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። አንድ ጊዜ ዳሽቦርድ የተወለወለበት ጨርቅ ወደ መስታወት አይመለስም፣ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ።

እጀታ ያለው የውስጥ መወልወያ፣ ያ ሦስት ማዕዘን ጭንቅላት ያለው፣ ግማሽ በግማሽ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ከመሪው በስተጀርባ ያለው የታችኛው ጥግ እጅ አያስገባም። ችግሩ እጀታው ጫና ሲደረግበት ይተጣጠፋል፣ ቅባቱ ደግሞ ጫና ይፈልጋል። የእኔው መታጠፊያው ላይ በሁለተኛው ወር ተሰበረ። አሁን ያለ እሱ ነው የምሠራው። ተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጨርቁን በጣቶቼ ጀርባ ላይ አድርጌ፣ መዳፌን ወደ ላይ ገልብጬ እገፋዋለሁ። እጃችሁ ሲገለበጥ ጣቶቹ መስታወቱና ዳሽቦርዱ የሚገናኙበት ድረስ ይገባሉ። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ መወልወያውን ግዙት፣ ግን መታጠፊያው ጠንካራ የሆነውን እያገላበጣችሁ ፈልጉ።

ወደ ውጭ እንውጣ። እዚህ ላይ አንድ የማያከራክር ነገር አለ፤ ደረቅ አቧራ ያለበትን መስታወት በደረቅ ጨርቅ አትንኩ፣ በዋይፐርም አትጥረጉት። በጥንካሬ መለኪያው በሞስ ስኬል መስታወት ከ5 እስከ 6 አካባቢ ነው፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። አሸዋው መስታወቱን ይጭረዋል ማለት ነው። ማታ መብራት ሲያርፍበት ዋይፐሩ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለው ቅስት ቅስት እየሠሩ የሚታዩት ጭረቶች የመጡት ከዚህ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሌላው።

ከታጠበ በኋላ ስስ ላስቲክ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ መስታወቱን ዳብሱት። በባዶ እጅ የማይሰማችሁ ሸካራነት በላስቲኩ ውስጥ ይሰማችኋል። የኔው የአሸዋ ወረቀት ይመስል ነበር። የዛፍ ሙጫ፣ የነፍሳት ቅሪት፣ የመንገድ ሬንጅ፣ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ ተጣብቆበታል፣ ሳሙና አያነሳውም። ለዚህ ክሌይ ገዛሁ። እንደ ሊጥ የሚለነቀጥ ነገር ነው፣ መስታወቱን በሳሙና ውሃ እያረጠባችሁ ሳትጫኑ ታንሸራትቱታላችሁ። መጀመሪያ ይይዛል፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ድንገት በረዶ ላይ እንደሚሄድ ይንሸራተታል። ያ ሲሆን ጸድቷል። ለአንድ መስታወት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ አንድ ቁራጭም ለብዙ ጊዜ ይሆናል። ከገዛኋቸው ሁሉ በአንድ ቀን ትልቁን ለውጥ ያየሁበት ይህ ነው። መሬት ላይ ከወደቀ ግን ጣሉት፣ አሸዋ ይዞ ይነሳል።

የውሃ ነጥብ ሌላ ነው። ጨው የበዛበት ውሃ መስታወት ላይ ሲደርቅ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ይቀራል፣ ነጭ ክብ ሆኖ። አዲስ ከሆነ አቼቶ ይፈታዋል። ጨርቅ በአቼቶ አርጥባችሁ ጥቂት ደቂቃ ለጥፉበት፣ ከዚያ ወልውላችሁ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ወደ ቀለሙም እንዲወርድ አትተዉት። የኔዎቹ ግማሾቹ በዚህ ለቀቁ። የቀሩት አሮጌዎቹ ናቸው፣ መስታወቱን ራሱን በልተውታል። ለእነሱ የመስታወት ፖሊሽ ገዛሁ፣ ውስጡ ሴሪየም ኦክሳይድ ያለበትን። የመነጽርና የካሜራ ሌንስ የሚለሰልሰውም በዚሁ ዱቄት ነው። ይሠራል። ግን ትዕግስት ይጠይቃል፣ በእጄ አንዲት የሰሃን ስፋት ያላትን ቦታ ለማጥራት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፣ ክንዴ ዛለ። ማሽን ያለው ሰው ይፈጥናል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለባችሁ ግን አትድከሙ። ያንን ለማጥፋት ዙሪያውን ብዙ መፈግፈግ አለባችሁ፣ ያኔ ቦታው ይሰረጉድና መንገዱን አጣሞ ያሳያችኋል። የተጣመመ መስታወት ከተጫረው ይብሳል።

ጠጠር መትቶት የተፈነቀለ ነጥብ ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ነው፣ በመሃላቸው ስስ ፕላስቲክ ተጣብቋል፣ ሲሰበር የማይበተነው ለዚህ ነው። ጠጠሩ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የውጭኛውን ብቻ ነው፣ ትንሽ ከሆነና ጠርዝ ላይ ካልደረሰ ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ግልጽ ሙጫ፣ ተሞልቶ ይድናል። ሬዚኑ እንዲይዝ ቀዳዳው ንጹህና ደረቅ መሆን አለበት። ስለዚህ እስኪጠገን ድረስ ማጽጃ አትርጩበት፣ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት። በጋለ መስታወት ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፣ ነጥቡ ዓይናችሁ እያየ ወደ ስንጥቅ ይሄዳል።

አሁን ዋይፐር። በ1903 አሜሪካዊቷ ሜሪ አንደርሰን የዋይፐር ፓተንት ስታወጣ ዕቃው ሾፌሩ ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ነበር፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው። ከዚያ ወዲህ ሞተር መጣ፣ ፍጥነት የሚቀያየርበት መጣ፣ ዝናብ ሲያይ በራሱ የሚነሳም መጣ፣ መስታወቱን የሚነካው ግን ዛሬም ያው ጎማ ነው። ያንን ጎማ ነው ሰው የሚረሳው።

የኔ ዋይፐር ሲመለስ ግርርርር እያለ ይዘል ነበር። ሲሄድ ደህና፣ ሲመለስ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላውም መስመር መስመር ይተዋል። ብረት ፍሬም ያለውን ተራውን ዓይነት አውጥቼ ጠፍጣፋውን፣ ያለ ፍሬም የሚመጣውን ገዛሁ። ሁለት ቀን ደህና ሆነና ያው ጀመረ። ሌላ ጥንድ፣ የተሻለ የተባለ፣ ሲሊኮን ጎማ ያለው ገዛሁ። ያው። ሁለቱንም ጥንድ በከንቱ ወቅሻቸዋለሁ። ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው፣ ላቫጆ ላይ መኪናው ታጥቦ ሲያልቅ የሚረጩት ማብረቂያ መስታወቱም ላይ ያርፋል፣ ጎማው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሽፋን ላይ አንዴ ይይዛል አንዴ ይለቃል። በአልኮል ወልውዬ ካነሳሁት በኋላ ድምፁ በግማሽ ቀነሰ። አሁን ስታጠብ «መስታወቱ ላይ ምንም እንዳትረጩ» እላለሁ፣ ቆሜም አያለሁ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ዋይፐሩን መሃል ላይ አቁሜ ከጎን ጎንበስ ብዬ ሳየው ነው። ጎማው ጫፉ ላይ አንድ ስስ ከንፈር አለው። ዋይፐሩ ሲሄድ ከንፈሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ይከተላል፣ እንደሚጎተት መጥረጊያ። ሲመለስ ተገልብጦ በሌላው በኩል ይታጠፋል። ይህ እንዲሆን ጎማው ለመስታወቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የኔው ክንድ በትንሹ ተጣሞ ስለነበር ከንፈሩ ሲመለስ አይገለበጥም፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይገፋል፣ ለዚያ ነው የሚዘለው። መካኒክ ክንዱን ቀስ ብሎ ጠምዞ አቃናው። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ የለም።

ስለዚህ በዋይፐር ላይ ያለኝ አስተያየት ይህ ነው። ጠፍጣፋው ይሻላል፣ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይጫነዋል፣ ፍሬም ስለሌለው መገጣጠሚያው ላይ ቆሻሻ አይሰበሰብም። ሲሊኮኑ ሙቀትና ፀሐይ ይችላል ይባላል፣ የእኔው እስካሁን አልደረቀም፣ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው ብዙ አልመሰክርለትም። ተራው ጎማ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው፣ ፀሐይ ላይ የምታቆሙ ከሆነ ወደ ስድስቱ ይጠጋል። ስትገዙ የሾፌሩንና የተሳፋሪውን ርዝመት ለየብቻ ለኩ፣ ብዙ መኪና ላይ እኩል አይደሉም። ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ ጎማውን አልኮል በነካው ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጠራርጉት። ጥቁር ይወጣል፣ ጥቁር መውጣቱ እስኪቀንስ ቀጥሉ። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነው።

ጎማውን አውጥታችሁ ክንዱን ባዶውን ስትተዉት መስታወቱ ላይ የታጠፈ ፎጣ አስቀምጡ። ክንዱ ስፕሪንግ አለው። ካመለጣችሁ ብረቱ መስታወቱን ይመታዋል፣ አዲስ ጎማ ልትቀይሩ ወጥታችሁ አዲስ መስታወት ፈልጋችሁ ትገባላችሁ። ጎረቤቴ ላይ ደርሶ አይቻለሁ።

ዝናብ የሚያንሸራትተው ፈሳሽ ብዙ የተወራለት ነው፣ እኔም በጣም ጠብቄበት ነበር። ሲሠራ ደስ ይላል። ውሃው መስታወቱ ላይ አይዘረጋም፣ ዶቃ ዶቃ ይሆናል፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ነፋሱ ዶቃዎቹን ወደ ላይ እየገፋ ያባርራቸዋል። ረጅም ሜዳ መንገድ ላይ ዋይፐር አጥፍቼ የነዳሁበት ጊዜ አለ። ከተማ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ስትሄዱ ግን ነፋስ የለም፣ ዶቃዎቹ ባሉበት ይቀመጣሉ፣ ማታ ደግሞ እያንዳንዱ ዶቃ የመብራት ነጥብ ይሆናል። ከተራ እርጥብ መስታወት ይልቅ ያስቸገረኝ ጊዜ ነበር። ሽፋኑ መሟጠጥ ሲጀምርም ቦታ ቦታ ስለሚለቅ ዋይፐሩ እንደገና መዝለል ይጀምራል። የኔው ሁለት ወር ያህል ነው የቆየው። የምትቀቡት ከሆነ ክሌይና አልኮል ካለፈበት በኋላ ይሁን፣ ቅባት ላይ ከተቀባ አይይዝም። በራሱ የሚነሳ ዋይፐር ካላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ሴንሰሩ ከውስጥ ኢንፍራሬድ ጨረር እየላከ ከመስታወቱ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን መጠን ይለካል፣ ውሃ ሲኖር ጨረሩ በከፊል ያመልጣል። ከፊቱ ያለው መስታወት ከቆሸሸ ወይም ሽፋን ካለበት ሊሳሳት ይችላል። ብዙ ሰዓት ከከተማ ውጭ የምትነዱ ከሆነ ግዙት። ውሏችሁ ከተማ ውስጥ ከሆነ ገንዘቡን ለዋይፐር አድርጉት።

ጭጋግ የሚከላከለውን ስፕሬይ አልወደድኩትም። ለሁለት ሦስት ቀን ይሠራል፣ ግን የሚሠራው መስታወቱ ላይ ሽፋን ጥሎ ነው፣ እኔ ደግሞ ስድስት ወር የለፋሁት ሽፋን ለማንሳት ነው። የጺም መላጫ አረፋ የሚቀቡም አሉ፣ ያው ነው፣ ሳሙናነቱ ነው የሚሠራው። የጭጋጉ መድኃኒት መኪናው ውስጥ አለ። ኤሲውን ከሙቅ አየር ጋር አብራችሁ ክፈቱና ወደ መስታወቱ አድርጉት። ኤሲ የሚያቀዘቅዝ ብቻ አይደለም፣ አየሩ በውስጡ ሲያልፍ እርጥበቱን ይነጥቀዋል። አየሩን እዚያው የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፉት፣ የውጭ አየር ይግባ። የረጠበ ምንጣፍና ጃንጥላ ውስጥ አታሳድሩ። ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ፊልተር ከታፈነ ደግሞ አየሩ ስለማይበቃ ጭጋጉ ቶሎ አይለቅም፣ የኔው ሲወጣ ቅጠል ሞልቶት ነበር። ንጹህ መስታወት ራሱም ጭጋግ ቶሎ አይዝበትም። እርጥበቱ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ ቅባቱና አቧራው ነው የሚይዝለት።

የቀረው የዋይፐር ውሃ ነው። እኔ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ስሞላ ነበር፣ አንዳንዴም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጌበት። ውሃው ጨዋማ ከሆነ መርጫ ቀዳዳው ላይ ይጋገራል፣ ሳሙናው ደግሞ አረፋ ያበዛል፣ ሲደርቅም መስመር ይተዋል። ሁለቱንም ተውኩ። ቀዳዳዎቹን በቀጭን መርፌ ከፈትኳቸው፣ አንደኛው ውሃውን ጣሪያ ላይ ይረጭ ስለነበር ወደ መስታወቱ መሃል መለስኩት። አሁን ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ በጋሎን ገዝቼ ነው የምሞላው፣ ሲሰፈር በዲስቲልድ ውሃ ይቀጥናል። ባለፈው ሳምንት ማታ ረጅም መንገድ ነድቼ መስታወቱ በነፍሳት ተሸፈነ። ሁለቴ ረጨሁ፣ ዋይፐሩ አራት ጊዜ ሄደ መጣ፣ ሁሉም ለቀቀ፣ ከፊት የሚመጣውም መብራት ክብ ሆኖ እንጂ ተበትኖ አልመጣም። ጋሎኑ ግማሽ ላይ ደርሷል፣ ሲያልቅ ያንኑ ነው የምገዛው።